«እጮኛዬ ታስሮ ነበር» አሉኝ፤ መዝገቡን ማየት እችላለሁ?

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። እዚሁ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ከእጮኛዬ ጋር ከተዋወቅን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እሱ 34 ዓመቱ ነው። ከዚህ በፊት አግብቶ ፈትቷል። ይህን ገና ስንተዋወቅ ነግሮኛል። «አልተስማማንም፣ ተለያየን» ከማለት በቀር ግን ዝርዝሩን አላወራኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሽማግሌ ልኮ ቤተሰቦቼ እሺ ብለዋል። ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆርጧል።

ባለፈው ወር አክስቴ ከለቅሶ ቤት አንድ ወሬ ይዛ መጣች። ሸዋ ሮቢት ይሠራ በነበረበት ጊዜ የቀድሞ ሚስቱን ደብድቦ ፖሊስ ይዞት ነበር አለች። «ሸዋ ሮቢት ታስሮ ነበር» እየተባለ ነው የሚወራው። ማን ነገረሽ ስላት «ሰው ነዋ» ትለኛለች። ታላቅ ወንድሜ ሰምቶ በጣም ተናደደ። የአጎታችን ልጅ ፖሊስ ነው። «ሙሉ ስሙን ብቻ ስጡኝ፣ በአንድ ቀን አወጣላችኋለሁ» ብሏል። አባቴ ደግሞ «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ! ሰው በሐሜት አይባረርም» ይላል።

እኔ መሐል ላይ ቀረሁ። እስካሁን ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ግን እንቅልፍ አጣሁ። ራሴ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ፍርድ ቤት ሄጄ ልጠይቅ? ይሰጡኛል? ለዘመዳችን ስሙን ልስጠው? ወይስ እሱን ፊት ለፊት ልጠይቀው? ውሸት ሆኖ ቢገኝስ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

ግራ የገባት፣ ከደብረ ብርሃን

—

እህት ዓለም፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት፣ ማወቅ መፈለግሽ ነውር አይደለም። አብረሽው ልትኖሪ፣ ልጅ ልትወልጂለት ያሰብሽው ሰው ሴት መትቷል ሲባል ሰምተሽ እንቅልፍ ባይነሳሽ ነበር የሚገርመኝ። አገሩስ ቢሆን መቼ ሳያጣራ ልጁን ድሮ ያውቃል? አባትሽም እውነታቸውን ነው። እሳቸው ያሉት «ሳይጣራ አይወራ» ነው እንጂ «አይጣራ» አይደለም። ስለዚህ አንቺና አባትሽ የምትቃረኑ አይመስለኝም።

እስቲ መጀመሪያ ወሬውን ራሱን እንየው። «ሸዋ ሮቢት ታሰረ» የሚለው አነጋገር ሰው ሲሰማው ያስደነግጣል። ምክንያቱም እዚያ ያለው ትልቁ እስር ቤት ስሙ ሩቅ ይሰማል። እሱ ግን የፌዴራል ማረሚያ ቤት ነው። በአብዛኛው የሚገቡበት በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ተፈርዶባቸው ከአዲስ አበባ የሚላኩ ሰዎች ናቸው። ባልና ሚስት ተጣልተው በወረዳ ፍርድ ቤት የታየ ጉዳይ ቢኖር ፍርደኛው ወደዚያ የሚላክ አይመስለኝም። ሰውየው ደግሞ ከተማው ውስጥ ይሠራ ነበር። «ሸዋ ሮቢት ነበር» የሚለው ወሬ ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ሲዞር «ሸዋ ሮቢት ታስሮ ነበር» ሆኖ ይሆን? ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ቀን አድሮ ወጥቶ ይሆናል። ወይም ክስ ተመሥርቶ ተፈርዶበት ይሆናል። ሦስቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሚገኙትም በተለያየ መዝገብ ነው።

ወደ አክስትሽ ልመልስሽ። «ማን ነገረሽ?» ብለሽ አታስጨንቂያት፤ ሰው አሳልፌ አልሰጥም ብላ ጭራሽ ትዘጋለች። «መቼ ነው ተባለ? የት ሰፈር? ፍርድ ቤት ቀርቧል ነው የተባለው ወይስ ፖሊስ ጠርቶት ነበር? ሽማግሌ ገብቶበት ነበር ወይ?» ብለሽ ጠይቂያት። ዓመቱንና ቦታውን ካወቅሽ ትልቁ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ምንም ዝርዝር ከሌላት እሱም አንድ መልስ ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ ልምጣ። አንድ የድብደባ ጉዳይ ሦስት ቤት ያልፋል። ፖሊስ ጋ ሲመጣ የምርመራ መዝገብ ይከፈትለታል። ምርመራው ሲያልቅ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄድና እዚያ ሌላ ቁጥር ያገኛል። ዐቃቤ ሕጉ ያስከስሳል ካለ ብቻ ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ እዚያም የራሱ የወንጀል መዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል። ሰው ብዙ ጊዜ የፖሊሱን ቁጥር ይዞ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይሄድና «የለም» ይባላል። መዝገቡ ሳይጠፋ ቁጥሩ ስለማይመሳሰል ብቻ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከሦስቱ ለውጭ ሰው በመጠኑም ቢሆን ክፍት የሆነው የፍርድ ቤቱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት እንዲዳኝ ይደነግጋል። ለሞራልና ለግል ሕይወት ሲባል በዝግ የሚታይ ጉዳይ አለ፤ የባልና ሚስት ጉዳይም አንዳንዴ እንዲህ ሊታይ ይችላል። ችሎቱ ግልጽ ነበር ማለት ግን መዝገቡን ለመጣ ሁሉ ኮፒ አድርገው ይሰጣሉ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የምትጠየቂው «ባለጉዳይ ነሽ?» ተብለሽ ነው። ተከሳሹ፣ የግል ተበዳይዋና ጠበቆቻቸው ግልባጭ መጠየቅ ይችላሉ። አንቺ ሦስተኛ ሰው ስለሆንሽ ለምን እንደፈለግሽው በጽሑፍ ማመልከት አለብሽ፤ ሊፈቅዱልሽም ሊከለክሉሽም ይችላሉ።

የፖሊሱ የምርመራ መዝገብ ግን ላንቺ ዝግ ነው ብለሽ ያዢው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነፃነት አዋጅ ማንም ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። ይኸው አዋጅ ግን የሌላ ሰው የግል መረጃ አሳልፎ እንዳይሰጥ ይከላከላል። አንቺ የምትጠይቂው ደግሞ ስለ መንግሥት ሥራ ሳይሆን ስለ አንድ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ በር እንድትደክሚ አልመክርሽም።

አሁንም ፍርድ ቤቱን ልጠይቅ ካልሽ የምትጠይቂው ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለበትን ቦታ የወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ያንቺን ከተማ ወይም የእሱን የትውልድ ቦታ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ ነው ወይስ በዙሪያው ቀወት ወረዳ? ይህን ለይተሽ ሂጂ። ከባድ ወንጀል ከሆነ ወይም ይግባኝ ተብሎበት ከሆነ ደግሞ እዚያው ደብረ ብርሃን ያለው የሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገብ ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ብትጀምሪ ጣርማ በርን ወርደሽ ሸዋ ሮቢት መሄድ ሳያስፈልግሽ ይቀር ይሆናል። መውረድ ካለብሽም የመንገዱን ሰላም ጠይቂ፤ ብቻሽን አትሂጂ።

ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ ያዢ። ከቻልሽ የተበዳይዋን ስምና ዓመቱንም ጨምሪ። በመዝገቡ ሽፋን ላይ የምታገኚው «ከሳሽ፦ ዐቃቤ ሕግ፤ ተከሳሽ፦ እገሌ» የሚል ነው። ሚስትየዋ እዚያ ላይ ስለማትጻፍ በእሷ ስም ብቻ ፈልጉልኝ ብትዪ አይገኝም። የፊደሉንም ነገር አደራ። ኃይሉ በ«ኃ» ይጻፍ በ«ሀ»፣ ፀጋዬ በ«ፀ» ይሁን በ«ጸ» ያኔ የጻፈው ሰው ነው የሚያውቀው። ኮምፒዩተር ላይ አንዷ ፊደል ከተለየች ስሙ አይወጣም። «በሌላውም ፊደል ይሞክሩልኝ» በይ። የስም ሞክሼ ደግሞ አለ! እስከ አያቱ የሚመሳሰል ሰው ሞልቷል። ዕድሜውና አድራሻው ካልገጠመ እሱ ነው ብለሽ እንዳትደመድሚ።

በአካባቢያችን የሆነውንም አንርሳ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ ተቃጥላለች፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለፈ አካባቢ «መዝገቡ አልተገኘም» ቢሉሽ «ነገሩ አልነበረም» ማለት ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከነገርኩሽ በኋላ፣ እኔ ብሆን የምመርጠው መንገድ ሌላ ነው። የዚህ መዝገብ ቁልፍ ያለው እጮኛሽ እጅ ነው። እሱ ባለጉዳይ ነው። ክስ ከነበረበት የውሳኔውን ግልባጭ ጠይቆ፣ ማኅተም አስደርጎ ሊያመጣልሽ ይችላል። ከወንጀል ነፃ የሚባለውንም ማስረጃ ቢሆን መታወቂያውንና ጉርድ ፎቶውን ይዞ፣ አሻራ ሰጥቶ የሚያወጣው ራሱ ነው፤ አንቺ ልታወጪለት አትችዪም። ለሥራና ለውጭ ጉዞ ሰው በየቀኑ የሚያወጣው ወረቀት ስለሆነ አውጣ ማለት ስድብ አይደለም።

ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ የፍቺ ውሳኔው ነው። ፍቺ በሽማግሌ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ጋብቻውን የሚያፈርሰው ግን ፍርድ ቤት ነው። ስትጋቡ ወሳኝ ኩነት ስትመዘገቡም የቀድሞ ጋብቻው መፍረሱን እንዲያሳይ ይጠየቃል። ስለዚህ ያ ወረቀት የግድ ሊኖረው ይገባል። «አሳየኝ» ብትዪው መብትሽ ነው። በስምምነት ተፋተው እንደሆነ ወይስ አንዳቸው አመልክተው፣ መቼ እንደሆነ፣ ልጅ ካለ ለማን እንደተሰጠ ታነቢያለሽ። አንዳንዱ ውሳኔ የጠቡን ምክንያት ጭምር ይጽፋል። የወንጀል መዝገብ ፍለጋ ከመሄድሽ በፊት ይህን ብታነቢ ብዙ ጥያቄ ይቀልልሻል።

ስለ አጎታችሁ ልጅ ሳልሸሽግ ልንገርሽ፤ ስሙን አትስጡት። አስቦላችሁ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን በሥራው ያገኘውን ምስጢር ለዘመድ ማውጣት በወንጀል ሕጉ ያስጠይቀዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃን የሚጠብቅ ራሱን የቻለ አዋጅ ወጥቷል። የልጁ እንጀራ ላይ አትፍረዱበት። ደግሞስ ምን ያመጣልሻል? በስልክ «አዎ፣ አንድ ነገር አለ» ይልሻል። ተከሶ ይሁን፣ ነፃ ወጥቶ ይሁን፣ ሌላ ሰው ይሁን አታውቂም። ወረቀት የለሽም፤ ለእጮኛሽም «ከየት ሰማሽ?» ሲልሽ መናገር አትችዪም። ከወሬ ወጥተሽ ሌላ ወሬ ውስጥ ትገቢያለሽ።

ወረቀቱ ቢገኝስ? ይህችን ነገር ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ፤ እኔ በጣም የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። «ጥፋተኛ» ተብሎ ከተፈረደበት፣ በገደብም ቢለቀቅ፣ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ፍርድ ቤት ማስረጃ መዝኖ አረጋግጧል። «በነፃ ተሰናብቷል» የሚል ከሆነ ደግሞ ሰውየውን በሕግ ፊት ንጹሕ አድርገሽ መቀበል አለብሽ። አስቸጋሪው መሐል ያለው ነው። ተበዳይዋ አቤቱታዋን ስላነሳች የተዘጋ መዝገብ አለ። ቀላል የአካል ጉዳት በተበዳይ አቤቱታ ላይ ተመሥርቶ የሚታይበት ጊዜ ስላለ፣ ሴትዮዋ ስትታረቅ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ለምን ታረቀች? እውነት ተጋንኖ ቀርቦ ነበርና ነው? ወይስ ሽማግሌ ተሰብስቦ «ለልጅሽ ስትዪ አንሺ፣ ቤትሽን አታፍርሺ» ብሏት ነው? በአገራችን ስንት ሴት የተሰበረ ክንዷን ይዛ አቤቱታዋን እንዳነሳች አንቺም ታውቂያለሽ። መዝገቡ ይህን አይነግርሽም። «በዕርቅ ተዘግቷል» ብሎ ያበቃል።

ከወንጀል ነፃ የሚለው ማስረጃም እንደዚሁ ነው። ፖሊስ ጋ ቀርቶ ክስ ያልተመሠረተበት ጉዳይ እዚያ ላይ ላይታይ ይችላል። የተፈረደበት ሰውም ቅጣቱን ጨርሶ ሕጉ ያስቀመጠውን ጊዜ በጥሩ ጠባይ ከቆየ፣ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ይህ ጥሩ ሕግ ነው፤ ሰው በአንድ ጥፋት ዕድሜ ልኩን መታሰር የለበትም። ላንቺ ግን ትርጉሙ ንጹሕ ወረቀት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ስለዚህ ከወረቀቱ ጎን ሰውየውን ራሱን መስማት አለብሽ።

እንዴት ትጠይቂው? ቀን ላይ፣ ሰው በሚገኝበት ቦታ፣ ሁለታችሁም ሳትቸኩሉ። የት እንዳላችሁ ወንድምሽ ወይም አንዲት ጓደኛሽ ትወቅ። ነገር አታዙሪ፤ ወጥመድም አታጥምጂ። «ስለ ቀድሞ ትዳርህ እጅ አንስተህባት ነበር፣ ፖሊስም ይዞህ ነበር ሲባል ሰማሁ። ከሰው ሳይሆን ካንተ መስማት ስለምፈልግ ነው የጠየቅሁህ። የሆነውን ንገረኝ» በይው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው። አክስትሽን አትጥሪ። «ማን ነው ያለሽ?» ቢልሽ «እሱ አሁን አይጠቅመንም» በይው።

መጀመሪያ ደንግጦ ቢናደድ አትፍረጂበት። ያላደረገውን ከሆነ ያመዋል፤ ያደረገው ከሆነም ያፍራል። እኔ የምልሽ የሚቀጥለውን አስተውዪ ነው። ስለሆነው ነገር ያወራል ወይስ ወሬውን ያመጣውን ሰው ብቻ ያሳድዳል? ስለ ቀድሞ ሚስቱ ሲናገር እንዴት ይናገራል? «እንድመታት ያደረገችኝ ራሷ ናት» ካለሽ፣ እህቴ፣ ያቺ ቃል ለእኔ ከማንኛውም የፍርድ ቤት ወረቀት ትከብደኛለች። «አጥፍቻለሁ፣ እንዲህ ሆኖ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ይህን አድርጌያለሁ» ካለሽ ደግሞ ሌላ ነው። ወረቀቱን ለማምጣት እሺ ይላል ወይስ «ካላመንሽኝ ይቅር» ብሎ ያስፈራራሻል?

አንቺም ራስሽን ጠይቂ። ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም ብለሻል። ስትቃወሚው አይተሽው ታውቂያለሽ? «አይሆንም» ብለሽው ታውቂያለሽ? ስትዘገዪ፣ ከወንድ የሥራ ባልደረባሽ ጋር ሲያይሽ፣ መጠጥ ሲቀምስ እንዴት ነው? ስለ ቀድሞ ትዳሩ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያልጠየቅሽው ጉዳዩ ስላላሳሰበሽ ነው ወይስ መጠየቁን ፈርተሽ? መልሱን ለእኔ መላክ የለብሽም።

የቀድሞ ሚስቱን ማነጋገርም ሐሳብሽ ውስጥ ሳይመጣ አልቀረም። ይቻላል፤ ግን የሷን ሰላም አስቀድሚ። ድንገት ደጇ ላይ አትቁሚ። የምታከብራት አንዲት ሴት ካለች በእሷ በኩል «ልታናግርሽ ትፈልጋለች፣ ፈቃድሽ ነው?» ተብላ ትጠየቅ። አልፈልግም ካለች በዚያው ይብቃ። ምናልባት ያን በር ዘግታ ለመኖር ብዙ ደክማ ይሆናል።

የሠርጉን ቀን በተመለከተ፣ ወረቀት ለማምጣት ጊዜ ይወስዳል። ቀጠሮ አለ፣ ምልልስ አለ። መልስ ሳታገኚ ቀኑ ከደረሰ ይገፋ። ጠላው ሳይጠነሰስ፣ ጥሪው ሳይበተን መግፋት ቀላል ነው። ለሽማግሌዎቹ ምክንያቱን ማስረዳት የለብሽም፤ አባትሽ «ያላለቀ ጉዳይ አለን፣ ቀኑን እናሸጋሽገው» ቢሏቸው ይበቃል። አባትሽ ለሰው ስም የሚጠነቀቁ ሰው ስለሆኑ፣ ከቤተሰቡ ሁሉ ለእሳቸው ሙሉውን ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው። የሰማሽው እውነት ሆኖ ካገኘሽውና ልቤ አልተቀበለውም ካልሽ ደግሞ ሽማግሌ መምጣቱ፣ ቀለበት መታሰሩ አያስገድድሽም። ስትነግሪው ብቻሽን አትሁኚ። ከዛተብሽም ሳትውዪ ሳታድሪ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂና የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ የሚይዙትን ጠይቂ።

ውሸት ሆኖ ቢገኝ በምን ዓይኔ አየዋለሁ ላልሽው፣ በዚያው በጠየቅሽበት ዓይን ነው። «ሰማሁ፣ ከሰው ይልቅ አንተን ጠየቅሁ» ያለች ሴት ምን አጠፋች?

ለወንድምሽ ግን ዛሬውኑ ንገሪው፤ አንቺ እስክታናግሪው ድረስ የእጮኛሽን ስም ለማንም እንዳይሰጥ።